ወንበሩን የመታው ከኋላ የመጣው መኪና አይደለም

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አንድ መኪና ከኋላ ሲገጭ የሚከተለው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱ ሾፌሮች ወርደው የተሰነጠቀውን ፓራውልት፣ የረገፈውን የኋላ መብራትና አልዘጋ ያለውን የኋላ በር እየነካኩ ይከራከራሉ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያነሳል፤ ጉዳዩም ወደ ኢንሹራንስ፣ ከዚያም ወደ ጋራዥ ያመራል። ከሳምንታት በኋላ መኪናው ቀለሙ አብረቅርቆ ሲመለስ ባለቤቱ ዞር ዞር ብሎ የኋላውን ያያል፣ የቀለሙን አንድነት ያመሳክራል፣ ይፈርማል። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ሾፌሩ በግጭቱ ቅጽበት ተቀምጦበት የነበረውን ወንበር የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ቢነሳም የሚነሳው ጨርቁ ተቀዶ ወይም የመስተዋት ስባሪ ገብቶበት እንደሆነ ነው።

ወንበሩ የሚረሳበት ምክንያት ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ከኋላ የመጣው መኪና አልነካውም። በግጭቱ ቦታና በወንበሩ መካከል የዕቃ ማስቀመጫው፣ የኋላው መቀመጫና አንድ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ፤ ዓይን ደግሞ ጉዳትን የሚፈልገው ብረት ከብረት በተጋጠመበት ነው። ይሁን እንጂ ወንበሩ ተመትቷል፤ የመታውም በላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኋላ የተገጨ ሰው ብዙውን ጊዜ «ወደ ኋላ ተወረወርኩ» ይላል። በእርግጥ ግን እሱ ለዚያች ቅጽበት በቦታው እንደቆየ ነው፤ ወደ ፊት የተወረወረው መኪናው ነው፣ ከመኪናው ወለል ጋር በብሎን የታሰረውም ወንበር አብሮ ወደ ፊት ሄዶ ከሰውየው ጀርባ ጋር ይላተማል። ስሌቱ ቀላል ነው። ቆሞ የነበረ መኪና ተመትቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢይዝ፣ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሾፌር ይዞ ለመሄድ በአማካይ ከ4,000 ኒውተን በላይ ግፊት ያስፈልገዋል። ይህ ወደ ገበያ ቋንቋ ሲመለስ ከአራት ኩንታል በላይ ነው። ከፍተኛው ቅጽበት ደግሞ ከአማካዩ ይበልጣል። ጥቂቱን ክፍል መቀመጫው በሰበቃ ቢወስደውም ዋናውን ጫና የሚሸከመው የጀርባ መደገፊያው፣ እሱን የያዘው የማጋደሚያ ጥርስና ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ከሥር ያለው ሐዲድ ነው።

ይህ እውነት የጉዳት ግምገማን አቅጣጫ ይቀይረዋል። የፓራውልቱ ጉዳት የሚወሰነው በገጪው መኪና ክብደትና ፍጥነት ነው፤ የወንበሩ ጉዳት ግን በላዩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበረ ጭምር የሚወሰን ነው። ባዶውን የነበረ ወንበር የራሱን ክብደት ብቻ ተሸክሞ በደህና ሊያመልጥ ሲችል፣ ከጎኑ ያለው፣ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሾፌር የተቀመጠበት ወንበር ግን አጽሙ ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ የኢንሹራንስ ገማች መኪናውን ሲያይ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «የት ተመታ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ማን የት ተቀምጦ ነበር?» የሚለው ነው። በግምገማ ቅጾች ላይ ይህ ጥያቄ ቦታ ቢሰጠው ብዙ ነገር ይስተካከል ነበር።

የታጠፈ ብረት ምን ይዞ ይቀራል?

ብረት ጎብጦ ወደ ቦታው የሚመለስበት ልክ አለው። ከዚያ ልክ በታች ከሆነ እንደ ሞላ ይመለሳል፤ ልኩን ካለፈ ግን የተበላሸውን ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የወንበር አጽም የሚሠራው ይህን ሁለተኛውን ባሕርይ ሆን ብሎ በመጠቀም ነው። ሙሉ በሙሉ የማይበገር መደገፊያ የሰውየውን ጀርባ እንደ ግድግዳ ይመታዋል፤ በጣም ልል የሆነ ደግሞ ተዘርግቶ ወድቆ ሰውየውን ወደ ኋላው መቀመጫ ይልከዋል። መሐንዲሶች የሚፈልጉት በልኩ እየጎበጠ የግጭቱን ጉልበት የሚበላ አጽም ነው። ጉልበቱን የበላ ብረት ግን ያን ሥራ አንድ ጊዜ ሠርቷል፤ በሚቀጥለው ግጭት ተመሳሳዩን አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም። ከዚህ አንጻር የጎበጠ ወንበር ከተነፋ ኤር ባግ ጋር የሚመሳሰል ዕቃ ነው። ልዩነቱ የተነፋ ኤር ባግ ለማንም የሚታይ ሲሆን፣ የጎበጠው አጽም ግን በስፖንጅና በጨርቅ ተሸፍኖ መቀመጡ ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የስዊድኑ ቮልቮ በ1998 እ.ኤ.አ. ኤስ 80 በተባለው ሞዴሉ የጀመረው የወንበር ሥርዓት ከኋላ ግጭት ሲደርስ መደገፊያው መጀመሪያ ከሰውየው ጋር ወደ ኋላ እንዲሄድ፣ ቀጥሎም እንዲጋደም የሚያደርግ ነው። በሥርዓቱ ውስጥ ያለው የብረት አካል በዚያው ሂደት ስለሚበላሽ ሥራውን ከሠራ በኋላ መለወጥ አለበት። ኩባንያው በተጠቃሚ መመሪያው ላይ ወንበሩ ከኋላ ግጭት ከደረሰበት ምንም ጉዳት ባይታይበት እንኳን ሊመረመር እንደሚገባ፣ የመከላከል አቅሙ በከፊል ጠፍቶ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። «ምንም ጉዳት ባይታይበት እንኳን» የሚለው ሐረግ ለቮልቮ ብቻ የሚሠራ አድርጎ ማንበብ ስህተት ይመስለኛል። ሌላው የስዊድን አምራች ሳብ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ጀርባ መደገፊያውን ሲጫን የራስ መደገፊያው ወደ ፊት የሚመጣበት ሥርዓት በበኩሉ ራሱ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ሁለት አምራቾች ለአንድ ችግር ሁለት መልስ ሰጡ፤ የጥገናውም መልስ በዚያው ልክ ይለያያል። ለዚህ ነው አንድ ሜካኒክ «የወንበር ሥራ እናውቃለን» ሲል የየትኛውን መኪና ወንበር እንደሚያውቅ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው።

የራስ መደገፊያው ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል፤ ብዙ ሰው ለምቾት የተሠራ ትራስ አድርጎ ያየዋልና። ዋና ሥራው ግን ጀርባ ወደ ፊት ሲገፋ ራስ ወደ ኋላ ቀርቶ አንገት እንዳይቀለበስ ማድረግ ነው፤ ይህን የሚያደርገውም ከራስ ቅል ያለው ርቀት ትንሽ ሲሆን ነው። የአሜሪካ ደንብ ለፊት ወንበሮች ይህ ርቀት ከ55 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። አሁን አንድ የወንበር አጽም ከወገብ በላይ ያለው ክፍሉ 3 ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ ጎብጧል እንበል። ከጉብጠቱ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው የራስ መደገፊያ 2.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው፤ ከተፈቀደው ርቀት ግማሽ የሚጠጋ። ሦስት ዲግሪ በዓይን አይለይም። ሾፌሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያውቀዋል፤ «ከጋራዥ ከወጣ ወዲህ ወንበሩ አልመች ብሎኛል፣ ወገቤን ያመኛል» ይላል፤ የሚሰማው ግን አያገኝም።

በታችኛው በኩል ደግሞ የማጋደሚያው ጥርስ አለ። መደገፊያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምናጋድምበት ይህ ክፍል ጥቃቅን ጥርሶች ያሉት ሲሆን፣ በግጭት ጊዜ ጥቂቶቹ ጥርሶች ሲላጉ ወይም ሲሰበሩ ወንበሩ በተለመደው አጠቃቀም ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች ማጋደሚያው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ መደገፊያው በቀጥታ ከመጎበጥ ይልቅ ተጠማዞ ይጎብጣል፤ እንዲህ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ትከሻው ከሌላው ወደ ኋላ ይገባል። ሐዲዱም እንዲሁ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ መቆለፊያዎች እኩል መያዝ ሲገባቸው አንዱ ብቻ ከያዘ ወንበሩ «ቆለፈ» ተብሎ ይታለፋል። የቀበቶው መቆለፊያ በብዙ መኪኖች ላይ ከወንበሩ ጋር የታሰረ ስለሆነ የወንበሩ መጎበጥ የቀበቶውንም ሥራ ይነካል።

ደንቡ ራሱ ጠባብ ነው

አንባቢ «አምራቾቹ በደንብ አጠንክረው ሠርተውት የለም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ከተጠበቀው በላይ የሚያሳስብ ነው። በአሜሪካ የወንበር ጥንካሬን የሚወስነው የፌዴራል ደንብ ቁጥር 207 ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። ወንበሩ የራሱን ክብደት ሃያ እጥፍ ግፊት እንዲችል፣ መደገፊያውም በአንድ ሰው 373 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት እንዲሸከም ይጠይቃል። ይህ ቁጥር ከመቀመጫው ነጥብ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሚያርፍ ግፊት ቢተረጎም 127 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከላይ ካሰላነው አራት ኩንታል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አብዛኞቹ አምራቾች ከዚህ ወለል በላይ አጠንክረው ይሠራሉ፤ ሕጉ ግን አያስገድዳቸውም።

ደንቡ እንዲሻሻል ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቤቱታ ቀርቦ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት አስተዳደር ጉዳዩን ለዓመታት አጥንቶ በ2004 አቋረጠው። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ አስተዳደሩ ወደዚሁ ጉዳይ እንዲመለስ አዘዘ፤ በ2024 ሐምሌ ላይም የሕዝብ አስተያየት የሚጠየቅበት የመጀመሪያ ደረጃ ማስታወቂያ ወጣ። ደንቡ ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። ይህን ታሪክ የማነሳው ለእኛ ጥገና ትርጉም ስላለው ነው፦ አዲሱ ወንበር ራሱ ትርፍ አቅም ላይኖረው በሚችልበት ሁኔታ፣ አንድ ጊዜ ጎብጦ በመዶሻ የተቃና ወንበር ምን ያህል አቅም እንደቀረው ሊናገር የሚችል ሰው የለም። አምራቹም አያውቀውም፤ ያ ወንበር ከመዶሻው በኋላ ተፈትኖ አያውቅምና።

ከዚህ ጋር መቼም የማይነጠል ጉዳይ ልጆች ናቸው። ልጅን ከኋላ ማስቀመጥ ትክክለኛ ምክር ነው፤ ነገር ግን ከኋላ ግጭት ሲደርስና የፊተኛው መደገፊያ ሲዘረጋ የሚወድቀው ከጀርባው በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ በደንብ ያልተጠገነ የሾፌር ወንበር አደጋው ለሾፌሩ ብቻ አይደለም። የሕፃናት መቀመጫን በተመለከተ ይኸው የአሜሪካ አስተዳደር ግልጽ መመሪያ አለው፦ መኪናውን ከአደጋው በኋላ ከቦታው ነድቶ መውሰድ ከተቻለ፣ ለልጁ መቀመጫ የቀረበው በር ካልተጎዳ፣ ከተሳፋሪዎች አንድም ካልተጎዳ፣ ኤር ባግ ካልተነፋና በመቀመጫው ላይ የሚታይ ጉዳት ከሌለ ግጭቱ ቀላል ነው ይባላል፤ ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ የልጁ መቀመጫ መለወጥ አለበት። እኛ አገር እንዲህ ያለ መቀመጫ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ስለሚተላለፍ፣ በአደጋ ውስጥ ያለፈውን ለሌላ ቤተሰብ መስጠት እንደ ቸርነት ሊቆጠር አይገባም።

ባትላሜራ፣ ሰፊና ሱማሌ ተራ

በተለመደው አሠራር የተጎዳ ወንበር በሁለት ባለሙያዎች እጅ ይገባል። አንደኛው ባትላሜራ ነው፤ ብረቱን ያቃናል። ሁለተኛው የወንበር ልብስ ሰፊ ነው፤ ስፖንጁን ሞልቶ ጨርቁን ያለብሳል። ሁለቱም በሙያቸው የተካኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ናቸው። ችግሩ የሁለቱም ሙያ መለኪያው መልክ መሆኑ ነው። ባትላሜራው በር ወይም ፓራፋንጎ ሲያቃና ብረቱ የቀድሞ ቅርጹን ካገኘ ሥራው አልቋል፤ ወንበር ላይ ግን ቅርጹ መመለሱ ስለ ጥንካሬው የሚነግረን ነገር የለም። በዘመናዊ ወንበሮች አጽም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ቀጭን ሆኖ እጅግ ጠንካራ የሆነ ብረት ይገባል። ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሆነ በእሳት ሲጋል ያን ጥንካሬ ያጣል። በብየዳም ቢሆን ከብየዳው ጎን ያለው ቦታ ይለሰልሳል። የሚገርመው፣ ለዓይን እጅግ ጠንካራ የሚመስለው ወፍራም የብየዳ ጠባሳ ራሱ ደካማውን ቦታ የፈጠረው መሆኑ ነው።

ሐዲዱ ሲጣመም በሥሩ ሮንዴላ ወይም የብረት ሽብልቅ እየከተቱ ወንበሩን ማስተካከልም የተለመደ ነው። ይህ የተሳሳተው ወንበሩ ይሁን ወለሉ ሳይታወቅ ምልክቱን ብቻ መደበቅ ነው። ከኋላ በጠና የተመታ መኪና ወለሉ ሊታጠፍ ይችላል፤ ወለሉ ከታጠፈ ደግሞ አዲስ ወንበር ቢገጠምም አይቀመጥም። የወንበር ብሎኖች ያለ ችግር በእጅ የማይገቡ ከሆነ መጠየቅ ያለበት ወለሉ ነው። ብሎኖቹም ቢሆኑ አምራቹ በወሰነው መጠን በመለኪያ ቁልፍ የሚጠብቁ እንጂ ጉልበት እስከፈቀደ የሚጠብቁ አይደሉም።

ልብስ ሰፊውን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ ኤር ባግ ነው። የጎን ኤር ባግ ባላቸው መኪኖች ኤር ባጉ በመደገፊያው ጠርዝ ውስጥ የተቀበረ ሲሆን፣ ጨርቁ በዚያ በኩል የተሰፋው በቀላሉ እንዲተረተር ታስቦ በተመረጠ ክር ነው። በዚያ ቦታ ተራ ጠንካራ ክር መጠቀም ወይም ወንበሩን ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ ቆዳ መጠቅለል ኤር ባጉን ማፈን ነው። በከተማችን አዲስ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የወንበር ልብስ ማሰፋት መሆኑ ይታወቃል፤ ይህን ልማድ ማስቆም ከባድ ቢሆንም ቢያንስ በመደገፊያው ጎን «ኤር ባግ» የሚል ምልክት ያለበትን ወንበር ሰፊው ክፍት እንዲተወው መንገር ይቻላል። ወንበሩን የሚያወርደው ሰውም ቢጫ ቀለም ያላቸውን የኤሌክትሪክ ማገናኛዎች ከመንቀሉ በፊት ባትሪውን አላቆ መጠበቅ አለበት፤ ቶዮታ ለምሳሌ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዛል። ከተገጠመ በኋላ በክሩስኮቱ ላይ የኤር ባግ መብራት በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ችግር አለበት ማለት ነው። መብራቱን ማጥፋትና ችግሩን ማስወገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው በጣም ርካሽ ነው።

የዚህ ዓይነቱ የተደበቀ ጥገና የት ሊያደርስ እንደሚችል በቴክሳስ ዳላስ የታየ አንድ የፍርድ ጉዳይ ያስረዳል። ባልና ሚስት ያገለገለ የ2010 ሞዴል «ሆንዳ ፊት» መኪና ገዙ፤ የመኪናው ጣሪያ ቀደም ሲል ተለውጦ እንደነበረና ጥገና ቤቱ አምራቹ ባዘዘው መሠረት በመበየድ ፈንታ በማጣበቂያ እንዳያያዘው አያውቁም ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አደጋ ደረሰባቸው፣ መኪናው ተጨራመተ፣ ተቃጠለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) በጥገና ቤቱ ላይ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈረደ። ጉዳዩ የጣሪያ እንጂ የወንበር አይደለም፤ ነጥቡ ግን ያው ነው። መልኩ የተስተካከለ ጥገና የመጀመሪያውን ባለቤት አስደስቶ ሁለተኛውን ሊጎዳ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም የተመለከተው ጣሪያው ምን እንደሚመስል ሳይሆን አምራቹ ምን ብሎ እንደነበረ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አጽሙ፣ ማጋደሚያው ወይም ሐዲዱ ከተጎዳ ትክክለኛው ጥገና መለወጥ ነው። አምራቾች ለብዙ ሞዴሎች አጽሙን ለብቻው ስለሚሸጡ የቀድሞውን ስፖንጅና ጨርቅ በአዲሱ አጽም ላይ ማልበስ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ዋጋውንም በእጅጉ ይቀንሳል። በእኛ ገበያ ግን አብዛኛው ሰው የሚሄደው ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ነው፤ ይህን መንቀፍ አልፈልግም፤ ያገለገለ ግን ያልተጎዳ የፋብሪካ ወንበር በብየዳ ከተቃና ወንበር እጅግ ይሻላል። የሚገዛው ሰው ግን የሚገዛውን ማወቅ አለበት። ከፊት ተመትቶ ከተፈታ መኪና የመጣ ወንበርና ከኋላ ተመትቶ ከተፈታ መኪና የመጣ ወንበር አንድ አይደሉም፤ ሻጩ የመኪናውን የኋላ በር ወይም የኋላ መብራት ደህና አድርጎ አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ወንበሩ በትክክል ከተመሳሳይ ሞዴልና ከተመሳሳይ የምርት ዘመን መሆን አለበት፤ ኤር ባግ ያለው በሌለው፣ የሌለው ባለው አይተካም። በተጨማሪም ከጃፓን የመጣ የቀኝ መሪ መኪና የሾፌር ወንበር የቀበቶ መቆለፊያው በግራ፣ የማጋደሚያው እጀታ በቀኝ ስለሆነ ለእኛ የግራ መሪ መኪና ሾፌር አይሆንም። ወንበር የሚመረጠው በጎኑ ነው።

ወረቀቱ ላይ ካልገባ

የጥገናው ጥራት የሚወሰነው ከመዶሻው በፊት በወረቀት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ስለሚገባ ከኋላ የተገጨ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለገጪው መድን ሰጪ ነው፤ የንብረት ካሳው ግን ጣሪያ አለው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በፖሊስ ሪፖርት በግልጽ መስፈሩም ቀላል ነገር አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ፣ የአንደኛው ሾፌር ጥፋት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይወስዳልና። ቀጥሎ ገማች መጥቶ የተጎዱትን ክፍሎች ይዘረዝራል፣ ጋራዦች በዝርዝሩ መሠረት ፕሮፎርማ ያቀርባሉ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሥራውን ይወስዳል።

የወንበሩ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ወንበር በየትኛውም ጋራዥ ፕሮፎርማ ላይ አይገኝም፤ ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ያሸነፈ ጋራዥም ያልተከፈለበትን ወንበር አውርዶ እንዲመረምር መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ማመልከቻውን ሲያስገባ ማን የት ተቀምጦ እንደነበረና በግምት ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ወንበሩ ከአደጋው በኋላ ያሳየውን ለውጥ ሁሉ በጽሑፍ ቢያሰፍር፣ «ወንበሮቹ ተነቅለው ልብሳቸው ወልቆ እንዲታዩ እጠይቃለሁ» የምትለዋን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ጉዳዩ ከመጀመሪያው መስመር ይይዛል። ጋራዥ ከገባ በኋላ የተገኘ ጉዳት እንደ ተጨማሪ ጉዳት ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን መኪናውን ከተረከቡ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ከአደጋው ጋር መያያዙን ማስረዳት ከባድ ነው።

ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራም አለ፤ ከሜትርና ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈልግም። ሁለቱን የፊት ወንበሮች በሐዲዳቸው ተመሳሳይ ቀዳዳ ላይ፣ በማጋደሚያቸውም ተመሳሳይ ጥርስ ላይ አድርጎ ከመደገፊያው ጫፍ እስከ መሪ ሰሌዳው ወይም እስከ በሩ ምሰሶ ያለውን ርቀት በግራና በቀኝ መለካት፤ አንደኛው ወንበር ባዶውን የነበረ ከሆነ እንደ ጥሩ ማመሳከሪያ ያገለግላል። ከዚያም መደገፊያውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝና የሚላወስ ወይም የሚንኳኳ ነገር ካለ ማዳመጥ፤ ከወንበሩ ጎን ያለው የፕላስቲክ ሽፋን መሰንጠቁን፣ ጨርቁ ከወገብ በታች በአንድ ጎን ብቻ መሸብሸቡን ማየት፤ በጎን ሆኖ በእጅ ባትሪ ሐዲዱን መመልከት፤ የራስ መደገፊያው በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መቆለፉን ማረጋገጥ። ይህ ምርመራ ጉዳት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል። አለመኖሩን ግን አያሳይም፤ ለዚያ ልብሱ መውለቅ አለበት።

ከዚህ ቀደም ከነበረው ይልቅ ጉዳዩ አሁን ይበልጥ የሚያስቸኩለው በመንገዶቻችን ላይ ያሉት መኪኖች በፍጥነት እየተለወጡ ስለሆነ ነው። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። የእነዚህ መኪኖች ወንበር ሞተር፣ ማሞቂያ፣ የጎን ኤር ባግና ተሳፋሪ መኖሩን የሚለይ መሣሪያ በአንድነት የያዘ ሲሆን፣ አንዳንዱ ሲለወጥ በኮምፒውተር እንደገና መስተካከል ይፈልጋል። በኮሮላ ዘመን የተማርነው «አቃንቶ ማልበስ» እዚህ ላይ ጨርሶ አይሠራም፤ የመለዋወጫውም ዋጋ ገና አልረጋም፤ ገማቹና ባለቤቱ የሚጋጩበት ቦታ ይህ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ አሮጌው ወንበር። መድን ሰጪው ለአዲሱ ከከፈለ አሮጌው ሳልቬጅ ተብሎ የእሱ ንብረት ይሆናል፤ ሳልቬጅ ደግሞ በጨረታ ይሸጣል። የጎበጠው አጽም በዚያ መንገድ ወጥቶ ይቃናል፣ አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ሱማሌ ተራ ላይ ከደህናዎቹ ጎን ይደረደራል፤ ሌላ ከኋላ የተገጨ ሰው ይገዛዋል። ጋራዡ ወንበሩን ለመድን ሰጪው ከማስረከቡ በፊት የመደገፊያውን አጽም በመጋዝ ለሁለት ቢቆርጠው ይህ መንገድ ይዘጋል፤ የብረቱ ዋጋ እንደሆነ በኪሎ ያው ነው።